የተባበሩት ዩኒቨርሲቲዎችና የባለቤቴ በርኖስ

የበደለኝ ሰው ዶክተር ታምራት ይባላል። የጎረቤቴ ልጅ ነው። ጊዜው ከሚሌኒየሙ በኋላ፣ በየአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ይከፈት በነበረበት ወቅት ነው። ሰዎች «ይቅር በይው» ይሉኛል። ይቅርታ ያልጠየቀኝን ሰው እንዴት ይቅር እንደምለው የሚያስረዳኝ ግን አላገኘሁም።

ታምራት አዲስ አበባ ውስጥ፣ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በተሰባሰቡበት አንድ ማኅበር ይሠራ ነበር። በጥቅምት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ እቤታችን መጣና፣ ማኅበሩ በጉባኤው ላይ የየአካባቢውን ባህል ሊያሳይ እንደሆነ ነገረን። መንዝን እንዲወክል የመረጠው የባለቤቴን በርኖስ ነበር።

በርኖሱ ከአባቱ የወረሰው ነው። የሰፈራችን ሙሽራ ሁሉ ተውሶ ያገባበታል። ባለቤቴ ደረቱን ስለሚያመው ውርጭ ሲወርድ ያለ እሱ ደጅ አይወጣም።

«እትዬ አስካለ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ» አለኝ ታምራት። «ዩኒቨርሲቲዎቹ በሙሉ ተረክበውታል ማለት ነው፤ ምን ያሰጋዎታል?»

ባለቤቴ የተማረ ሰው ሲያይ ልቡ ይቀልጣል፤ አውልቆ ሰጠው።

ገና መጣ፣ ጥምቀት አለፈ። ባለቤቴ በእኔ ጋቢ ተጠቅልሎ ያስላል። ታምራት ጋ ስደውል ጉባኤውን ያስተናገደው ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ነው አለኝ። እነሱ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ አስተላልፈናል አሉ። ያኛው የማኅበሩ ንብረት ነውና ማኅበሩን ጠይቂ አለኝ። አንድ ሰው ቢወስድብኝ ሌባ ብዬ እጮህ ነበር። ሲተባበሩ ግን በማን ላይ እንደምጮህ ጠፋኝ።

በየካቲት ማኅበሩ ራሱ መሐል ሜዳ መጣ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተባብረው የመንዝን ሽመና ሊያሳድጉልን ነው ተባለ። እኛም ሊያሳድጉን ከመጡ ብለን አዳራሹን ሞላን።

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር፣ ለንግግር ተነሡ። የባለቤቴን በርኖስ ለብሰዋል።

«ይህን በርኖስ» አሉ በኩራት፣ «አባል ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ድምፅ ሸልመውኛል።»

ተጨበጨበ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ታምራት ነው። እኔን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ ይሞቃል?»

«በጣም እንጂ እማማ!»

«ባለቤቱን ግን በርዶታል። እዚያ በሩ አጠገብ የሚያስለው ሰውዬ ነው። ቀኝ ትከሻዎ ላይ እሳት ፈንጥቆ ያቃጠለውን የጠቀምኩት እኔ ነኝ። ክሩ ቡናማ ነው፣ ይዩት።»

ትከሻቸውን ዳሰሱ። አወለቁት፣ በሰው መሐል አልፈው ሄደው ባለቤቴን አለበሱት። በእሳቸው ቂም የለኝም፤ የተሰጣቸውን ነው የለበሱት።

ታምራት ውጭ ጠብቆ ያዘኝ። «እትዬ፣ በዚህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ፊት ያዋርዱኝ?» አለ። የባለቤቴን ሳል አልጠየቀም። እስከ ዛሬም አልጠየቀም።

በዓመቱ ሊያገባ ሲል እናቱን ላከብኝ። «ልጄ በርኖሱን ሳይለብስ ሊያገባ ነው ወይ?» አለችኝ።

«አባል ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ድምፅ ይወስኑና እናየዋለን» አልኳት።

ሰው ጨከንሽ ይለኛል። እኔ እንቅልፌን እተኛለሁ። የሠርጉ ዕለት ባለቤቴን በርኖሱን አልብሼ ከሙሽራው ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ በላሁ።