አየሁ ያልኩት ወንዝ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን እዘላት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለጋዜጣ ስጽፍ ሁለቴ ሳላጣራ የላክሁት ዜና የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጻፍኩ፤ የጻፍኩትም ለጋዜጣ አልነበረም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ዲላ ተቀምጬ እሠራ ነበር። ሐጂ ከድር የሚባሉ፣ ሱቅና የጭነት መኪናዎች ያሏቸው ነጋዴ የቡና ማጠቢያ ለማቋቋም አሰቡ። እስከዚያ ገበሬው ቡናውን ከነገለባው አድርቆ፣ ጀንፈሉን በጀርባው ተሸክሞ እያወረደ ይሸጥ ነበር። ሐጂ ግን ቀዩን የቡና እሸት ወንዝ ዳር በመፈልፈያ ማሽን ፈልፍለው ማጠብ ፈለጉ። ሸሪክ ለመሆን ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አቶ ሰይፉ ይርጋጨፌ አጠገብ መንገድ ዳር መሬት ነበራቸው፤ ሐሳባቸውንም በታይፕ አስመትተው አመጡ። ሁለተኛው ጂግሶ የሚባል፣ ከፍስሐ ገነት በላይ የሚኖር የጌዴኦ ገበሬ ነው። ወረቀት አልነበረውም። ወንዝ አለኝ አለ።

ሐጂ ጠሩኝ። «ዘመዴን ብልክ የሚያደንቀው ምሳ ያበሉትን ነው። አንተ መጠየቅ ሥራህ ነው። ሰውየውን እይ፣ ሐሳቡን እይ፣ ከሁሉ በላይ ግን ውሃውን እይ። ቡና የሚለቀመው ዝናብ ሲያበቃ ነው፤ ያኔ ውሃ ከሌለ ሁሉም ወሬ ነው» አሉኝ።

የአቶ ሰይፉን ቦታ ከመኪና ሳልወርድ አየሁት ማለት ይቻላል። ክረምት ስለነበር ወንዙ ሞልቷል። በበጋስ ብዬ አልጠየቅሁም። ሰውየው ጥሩ ይናገሩ ነበር፤ ጥሩ የሚናገር ሰው ወንዝም ጥሩ ይመስላል።

ጂግሶ ፍስሐ ገነት ድረስ ወርዶ ጠበቀኝ። ወደ እሱ ቦታ የግማሽ ቀን ዳገት ነው፤ መንገዱ ጭቃ። እኔ አዲስ ጫማ አድርጌአለሁ። ዳገቱን ቀና ብዬ ሳይ ሳቀ።

«ጫማህ ፈራች እንዴ ጋሼ? ናና እይ።»

አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኩት። እዚያው ቆመን፣ በበጋ ውሃው እንዴት ነው አልኩት።

«እዚያ በበጋ ውሃ አይቆምም ጋሼ። አይቆምም!» እጁን ከትከሻው በላይ አንስቶ ጣቶቹን እንደሚወርድ ውሃ እያወዛወዘ ቁልቁል አወረደው። ቀጥሎም ወንዙ ዳር ያለውን እንሰቱን ሳይደርስ ነቅሎ ለቡና ማስጫ ሜዳውን እንዳዘጋጀ ነገረኝ። የቤተሰቡ የዓመታት ምግብ ነበር። እንዳንጠራጠረው ብሎ ነው።

አይቆምም ያለው አያቋርጥም ማለት ሊሆን ይችላል፤ አይሰነብትም፣ ይደርቃል ማለትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። እጁንም አይቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብጨምር ይለይ ነበር፤ ከተለየ ግን ዳገቱን መውጣት ሊኖርብኝ ነው። ታዲያ ምን አደረግሁ? ዲላ ተመልሼ «ቦታውን አየሁ። በበጋ ውሃ አይቆምም» ብዬ ጻፍኩ። አየሁ አልኩ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የሰውየውን ቃል ሳላዛባ አሰፈርኩት፤ ብጠየቅ እሱ ነው እንዲህ ያለኝ ልል። የሚዋሽ ሰው እንዲህ ይጠነቀቃል። ከሥሩም «ሐሳቡን በቅጡ መግለጽ የማይችል ሰው ነው» ብዬ ጨመርኩ። እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ማን አስገደደኝ?

ሐጂ ይደርቃል ማለት ነው ብለው አነበቡት፤ ከአቶ ሰይፉ ጋር ተሻረኩ። በመጀመሪያው የቡና ወቅት የመንገድ ዳሩ ወንዝ ከእግር ጣት አልፎ የማያረጥብ ሆነ፤ እሸቱ ሳይፈለፈል ሸተተ። ዳገቱ ላይ ደግሞ ጂግሶ ባዶ ሜዳውን ታቅፎ ቀረ። ሚስቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጮ ከወንድሟ ቤት እየጠየቀች ልጆቿን አበላች። ጎረቤቶቹ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «የሐጂ ሸሪክ መጣ!» ይሉት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሐጂ ራሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው፣ በከዘራ፣ በበጋ ዳገቱን ወጡ። ተመልሰው ጠሩኝ። «ውሃማ አለ፤ ያውም ድንጋይ የሚያንከባልል! አያቋርጥም ሊልህ ነው እኮ። አማርኛው አሳሳተህ» አሉኝ። የምሸሸግበት ቤት በእጃቸው ከፈቱልኝ። ገባሁ። «ይሆናል ሐጂ» አልኩ።

ማጠቢያው ዳገቱ ላይ፣ በጂግሶ ሜዳ ተተከለ። ዛሬ ጎረቤቶቹ ሁሉ የማጠቢያው ማኅበርተኛ ናቸው፤ ጀንፈል ተሸክሞ መውረድ ቀርቷል፤ ዳግም የተተከለው እንሰትም ደርሶ ይበላል። የእኔ ቅጥፈት ይህን ማዘግየት እንጂ ማስቀረት አልቻለም። ስለዚህ ቀላል ነው ልበል? አልልም። ጂግሶ በሰው መካከል «አማርኛዬ ናት ሁለት ዓመት የበላችብን» እያለ በራሱ ይቀልዳል። ሰው ይስቃል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ስቄአለሁ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይም አፉን አይከፍትም፤ «እኔ አበላሻለሁ» ይላል።

ዘንድሮ ሁለተኛ ማጠቢያ ሊተክሉ ነው፤ ቦታው በመጪው ቅዳሜ እዚያው ላይ በስብሰባ ይመረጣል። ወንዞቹን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ሰው ዝም ብሎ ሊቀመጥ ነው፤ ዝም ያሰኘሁትም እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዳገቱን እወጣለሁ። አብሬው በሳቅሁት በዚያው ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ አማርኛው አላሳሳተኝም፣ ገብቶኝ ነበር፣ አላየሁም፣ ዋሸሁ እላለሁ። ይቅርታ ማድረግ የእሱ ፈንታ ነው፤ ባያደርግም አልከራከረውም። ብቻ ተራው ሲደርስ ይናገር።