የሦስተኛው ቱቦ ራስ

እኔ ቡታጋዙን መዝጋቴን ለማረጋገጥ ከመንገድ የምመለስ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። በጥናቴ ጊዜ ግን ተመልሼ የማረጋግጥበት ነገር ያለ አልመሰለኝም።

የማስተርስ ጥናቴ ከደንዲ ሐይቅ ወለል በሚወጣ ጭቃ ላይ ነበር። ሁለት ጀልባ አጣምረን፣ መሐሉ ላይ ባለሦስት እግር ብረት ተክለን፣ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ታች እንልካለን። ቱቦው ውስጥ ፒስተን አለ። ቱቦው ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ ፒስተኑ በሽቦ ተይዞ ባለበት ይቀራል፤ እንደ ስሪንጅ ስቦ ስለሚይዘው ጭቃው ሳይፈርስና ሳይደባለቅ ይወጣል። ላይኛው ጭቃ የቅርብ ዘመን ነው፣ ታችኛው የጥንት። ስለዚህ ቱቦው እንደወጣ ላዩ በየት በኩል እንደሆነ የሚያሳይ ቀስት ይሣልበታል።

የእኔ ሥራ ያ ቀስት ብቻ ነበር። ሌላውን አማካሪዬና ሁለት የላቦራቶሪ ሠራተኞች ይሠሩታል። ሽቦው ሲጢጥ ባለ ቁጥር ተበጥሶ ጀልባውን የሚገለብጥብን ይመስለኛል። ሦስተኛው ቱቦ ሲወጣ በውሃ የማይለቀው ማርከር ከእጄ አምልጦ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ለመናገር አፈርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ያስተማርኩበት የነጭ ሰሌዳ ማርከር ነበር፤ በእሱ ሣልኩ።

ቱቦዎቹን ከሐይቁ ዳር መኪናው እስከቆመበት ዳገት ድረስ በፈረስ የሚያወጡልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ተሰባሪ ነገር መሆኑን ስነግራቸው፣ “ራስ አለው?” ብለው ጠየቁኝ። የእያንዳንዱን ራስ በኦሮምኛ እየነገርኩ አሳየኋቸው። በቃጫ ገመድ አስረው ጫኑት። ዳገቱን ስንጀምር ዝናቡ ወረደ። ስልኬ እንዳይበላሽ በላስቲክ ጠቅልዬ ስለነበር አንድም ፎቶ አላነሳሁም።

አምቦ ደርሰን በዩኒቨርሲቲው እቃ ክፍል ውስጥ ገመዶቹን ቆርጬ ጣልኩና ቱቦዎቹን ጠራረግሁ። ሁለቱ ቀስታቸው አለ። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ የሰሌዳው ማርከር በዝናቡ ታጥቧል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ክዳን፣ ከክዳኑ ሥር አንድ ዓይነት ጥቁር ጭቃ። ጉዴ ፈላ።

አማካሪዬ በበሩ ብቅ ብሎ፣ “ሁሉም ምልክት አለው አይደል?” አለ።

“አዎ መምህር” አልኩ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

ሲሄድ አዲስ ማርከር አውጥቼ በግምት ሣልኩ። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ቀስት ነበር።

ቱቦዎቹ ተሰንጥቀው ጭቃው የሚነበበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ግምቴ ስህተት ከሆነ ዘመኑ ሁሉ ይገለበጣል፤ ድርቁ ከዝናቡ ቀድሞ ይነበባል፣ ሌላ ሰውም ያንን አምኖ የራሱን ጥናት ይሠራበታል። አማካሪዬ በኮሪደር ሰላም ሲለኝ እንኳን ያወቀብኝ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ለማንም ሳልናገር በሚኒባስ ጊንጪ፣ ከዚያ በሞተር ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ሽማግሌው ስልክ የላቸውም።

ፈረሳቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። “ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ጭቃው በደህና ገባ?” አሉኝ።

“አባባ፣ የሦስተኛው ራስ በየት በኩል እንደነበር ጠፋብኝ።”

ፈረሱ በየት በኩል እንደሚበላ የጠየቅኋቸው ያህል አዩኝ። “አንቺ አይደለሽም ያሳየሽኝ? ራሱን ወደ ፈረሱ ራስ አድርጌ በዚያ በኩል ገመዱን ጠበቅ አደረግሁት፤ በጭራው በኩል አላላሁት። ሁለቱም ከጠበቀ ዳገት ላይ እንስሳውን ይጎዳዋል።”

“ሁሉንም እንደዚያ?”

“ሁሉንም። ገመዱን አላየሽውም እንዴ?”

ገመዱንማ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ግን ቃጫ ጠብቆ ዳገት ሙሉ ሲያሽ ፕላስቲክ ይጭራል። ወደ አምቦ ስመለስ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ለመጫን በቆመ ቁጥር ሾፌሩ ላይ መጮህ አማረኝ።

መጀመሪያ ቀስት ያላቸውን ሁለቱን አየሁ። ሁለቱም ራሳቸው በኩል ዙሪያውን ተጭረዋል፣ ግርጌያቸው ንጹሕ ነው። ሦስተኛውን አገላበጥኩ። ጭረቱ ያለው ከቀስቴ ጭራ በኩል ነው።

ገልብጬዋለሁ ማለት ነው።

አልኮል የነካ ጥጥ ያዝኩ። ጠርጎ እንደገና መሣል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም አያውቅም። ግማሹን ከጠረግሁ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። አማካሪዬ ቅዳሜም ከቢሮው አይጠፋም፤ ሄጄ ጠራሁት። ሐይቅ ውስጥ ከገባው ማርከር ጀምሮ ሁሉንም ነገርኩት።

አልተቆጣም። በሦስቱም ቱቦ ጭረት ላይ ጣቱን አንድ በአንድ አስኬደ። ከዚያ ግማሽ የቀረውን ቀስቴን አየና፣ “ሰውዬው ባያስታውሱ ኖሮ ይህን ምን ታደርጊው ነበር?” አለኝ።

መልሱን አውቀው ነበር፤ ቀስቱን እንዳለ እተወው ነበር። የቀረውን ግማሽ በጥጡ ጠረግሁና ማርከሩን ለእሱ ሰጠሁት።