ከወገቡ ሰበር የሚለው ዳኛ

በቅርጫት ኳስ ሜዳ ስሮጥ ጸጉሬ ሸበተ። ፊሽካዬን ከሰቀልኩ ወዲህ ሥራዬ ወጣት ዳኞችን ማሠልጠንና ሲያጫውቱ ቁጭ ብሎ መመዘን ነው። ይህ ቁጭ ማለት የሚሉት ነገር ግን ከሩጫው ይብስብኛል። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለእኔ ብለው አልተረቱትም። ባለቤቴ እንኳ ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ሲያይ አጠገቡ እንድቀመጥ አይፈልግም፤ «አንቺ ሴት፣ አይሰሙሽም እኮ!» ይለኛል።

ካሠለጠንኳቸው ሁሉ አንድ የቀጨኔ ልጅ አሳሬን አብልቶኛል። ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ዓይኑ ፈጣን ነው፣ ሩጫው ያስቀናል። ችግሩ አስተዳደጉ ነው። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ሽማግሌ ባየ ቁጥር ቆሞ እጅ እየነሳ ስላደገ፣ ሜዳ ውስጥም አልተወውም። ፋውል ይነፋል፣ የተጫዋቹን ቁጥር በጣቶቹ ያሳያል፣ ከዚያ ወደ አሠልጣኙ ዞሮ ከወገቡ ሰበር ይላል። አሠልጣኙ ሸበቶ ከሆነማ «ይቅርታ አባባ» ይጨምርበታል። አንድ ቀን ጋቢ ደርቤ፣ ሽማግሌ አሠልጣኝ ሆኜ እስኪበቃኝ ጮህኩበት፤ እንዲለማመድ ብዬ ነው። ሮጦ ወንበር አመጣልኝ።

የምዘናው ቀን ሲደርስ ከእሱ ይልቅ እኔ ፈራሁ። ካለፈ ትልልቅ ጨዋታ ይዳኛል። አንዴ ወድቆ ስለነበር፣ አሁን ከደገመው ዳኝነቱ ቀርቶ ጠረጴዛ ላይ ሰዓት ሲይዝ መኖሩ ነው። እወደዋለሁ፤ ስለወደድኩት ብቻ ግን ላሳልፈው አልችልም።

የተጋጠሙት የአዲሱ ገበያና የሸጎሌ ልጆች ነበሩ። የአዲሱ ገበያው አሠልጣኝ ሸበቶ ነው፤ ያውም ብልጥ ሸበቶ። የልጁን ድክመት ወዲያው አወቀበት። የመጀመሪያው ፋውል ሲነፋ «ልጄ፣ እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉህ?» አለው። ልጁ ሰበር አለ። ሁለተኛው ላይ «አባትህ ቢያዩህ ምን ይሉ ይሆን?» አለው። ከዚያ በኋላ በአዲሱ ገበያ ላይ የሚነፋ ፊሽካ ጠፋ። የሸጎሌ ደጋፊዎች ይጮሃሉ፣ እኔ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

በመጨረሻ አንዱ የአዲሱ ገበያ ተጫዋች ኳሷን አቅፎ፣ አንዴም ሳያነጥር፣ ዳቦ ገዝቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው እስከ ቅርጫቱ ድረስ ተራመደ። ልጁ እያየ አልነፋም።

«ንፋ እንጂ! ፊሽካህ ታመመ እንዴ?» ብዬ ብድግ አልኩ።

መዛኝ በጨዋታ መሀል ትንፍሽ አይልም፤ ደንቡን ያስተማርኩትም እኔው ነኝ። አሠልጣኙ መስመሩን ጥሶ ሜዳ ገባና «እርስዎ ደግሞ ምን ቤት ነዎት?» ብሎ ጮኸብኝ።

ያኔ ፊሽካው ተነፋ። ረጅም፣ ጆሮ የሚበሳ። ልጁ ሁለት እጁን አጋጥሞ ለአሠልጣኙ የቴክኒክ ጥፋት ምልክት አሳየው፤ ወደ ወንበሩም መለሰው። አልጎነበሰም። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ገና ከሩቁ ተናደድኩ።

«እትዬ፣ መዛኝ አይናገርም። ከሜዳው ይውጡልኝ።»

«እኔን ነው?»

«አዎ፣ እርስዎን።»

ቀጥ ብሎ ቆሞ በሩን አሳየኝ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ ደስታዬን የት እንደማደርገው ጨነቀኝ። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ የድሮ ወዳጄ ናቸው።

«ምነው፣ አለቀ እንዴ?» አሉኝ።

«ተባረርኩ።»

«እርስዎን? ማን ደፍሮ?»

«ዛሬ ያለፈ ዳኛ» አልኳቸው፣ እንባዬን እየጠረግሁ።