የውዱ አውራ ጣት

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ጎንደር ፒያሳ ላይ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚፈልግ ሰው ውዱ የተባለውን የጊታር አዋቂ ሳያማክር አይገዛም ነበር። ጊታሮቹ ከአስመራ ይመጣሉ፤ ቀለማቸው ያብለጨልጫል፣ ጉዳታቸው ግን አይታይም። ውዱ መጀመሪያ ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የግራ አውራ ጣቱን በአንገታቸው ላይ ያንሸራትታል። እንጨቱ ጎብጦ፣ በላዩ የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶችም ተበልተው እንደሆነ ጣቱ ይነግረዋል።

አንድ ቀን ዳኛው የተባለ የሆቴል ሙዚቀኛ በውዱ ምክር የገዛውን ቀይ ጊታር ይዞ ተመለሰ።

"አያ ውዱ፣ ሸጋ ነው ብለኸኝ አልነበር? ምነው ታዲያ ክሩ ይንጫረራል?"

ውዱ ተቀብሎ እንደ ልማዱ የጊታሩን አንገት ዳሰሰ። መልሶ ዳሰሰው።

"ለስላሳ ነው፤ ምንም የለውም" አለ።

ዳኛው የውዱን እጅ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አያ ውዱ፣ ደምተሃል።"

ከብረቶቹ አንዱ ጫፉ ወጥቶ አውራ ጣቱን ሰንጥቆታል። ደሙ በእንጨቱ ላይ ይወርዳል፤ ውዱን ግን አላመመውም። የእናቱም በሽታ እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ እሳት እጇን ሲያቃጥላት አልተሰማትም ነበር። ጣቶቿ ኋላ ምን እንደሆኑ አይቷል።

"ለሻጮቹ መልሰህ ስጣቸው፤ ውዱ ተሳስቶ ነው በላቸው" አለ ጊታሩን እየጠረገ።

ሄዶ የታየው ሐኪም ሥጋ ደዌ መሆኑን ነግሮት፣ መድኃኒቱ በሽታውን ያቆመዋል እንጂ የደነዘዘውን ጣት አይመልስም አለው። ወሬው ፒያሳ ሲዳረስ ጊታር ይዞ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ዳኛው እንኳ ሰላም የሚለው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ነው።