ለወፎች የተቀመጠ ኑግ

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ ውስጥ ከዘይት መጭመቂያው የሚወጣው የኑግ ሽታ ዳንግላ ያለችውን አክስቴን አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ ነው። አንዲት ልጇ አረብ አገር ከሄደች ወራት አልፈው ነበር። ልጅቷ በየጠዋቱ ግቢው ውስጥ ለወፎች ኑግ ትበትን ስለነበር አክስቴ ልማዱን አላስቀረችም። ለክረምት የሚሆናቸውን ኑግ አንፍሳ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ ቅል ሞላች፤ አፉን በጨርቅ ወትፋ አይጥ እንዳይደርስበት በሽቦ ከጣሪያው አንጠለጠለችው።

«አክስቴ፣ ለወፍ ይሄ ሁሉ ልፋት?» አልኳት።

«ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለነሱ ነው» አለችኝ፣ ሽቦው መጥበቁን ደግማ እየፈተሸች።

ልጅቷ እስካሁን አልመጣችም። ዛሬ ሽታው ሲያስታውሰኝ ለአክስቴ ወዲያው ደወልኩላት።

«ቆይኝማ የኔ ልጅ፣ ወፎቹ ገና ቁርሳቸውን አልበሉም» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።