ሁለት በር ያለው ፎልደር

ሰሞኑን መሥሪያ ቤታችን አዲስ የተቀጠረች ልጅ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ፎልደር ሁለት ቦታ ተደግሟል፤ አንዱን ላጥፋው?» አለችኝ። «እንዳትነኪው!» ብዬ ስጮህ ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሼ መባሉ ራሱ ገና አልተዋጠልኝም፤ እሱን ተዉት።

ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ስንማር እኔና ጓደኛዬ ሙራድ የመመረቂያ ሥራችንን የምንሠራው በእሱ ላፕቶፕ ነበር። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ነው፤ አማካሪያችን ደግሞ «በዩኒክስ ትእዛዝ ካልሠራ አላይም» አሉ። ስለዚህ ዊንዶውሱ ላይ ዩኒክስን፣ ያንን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የሚያስመስል ፕሮግራም ጫንን። ያ እንግዲህ የራሱ ቤት፣ የራሱ ጓዳ አለው፤ የፎልደሮቹ አደራደር ሁሉ ሌላ ነው። ሙራድ ሥርዓት ይወዳል፤ ካልሲውን እንኳ በቀለም ነው የሚደረድረው። ሥራችን ያለበት የዊንዶውስ ፎልደር በአዲሱ ቤት በኩልም እንዲከፈት አድርጎ አገናኘው። ፎልደሩ አንድ፣ በሩ ሁለት ማለት ነው።

ሐምሌ ነበር። ሥራችንን ለመምህራን ልናቀርብ አንድ ቀን ቀርቶናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እናቱ ከቡታጅራ የላኩልንን ኮቾ በአይብ እየበላን ሳለ ሙራድ፣ «ይሄ ተደግሟል፤ ላጽዳው» አለ። ራሱ ያገናኘውን በድካም ረስቶት! የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፈና ኢንተርን መታ። በሌላኛው በር ሲገባ ባዶ ነው። በትእዛዝ የጠፋ ነገር ደግሞ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እንኳ አይገኝም። ፍላሽ ላይ የነበረን የቆየ፣ ግማሽ ሥራ ብቻ ነው።

«ወላሂ፣ እናቴ ለምርቃቱ ዘመዱን ሁሉ ጠርታለች» አለ። እኔ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጬ ስፈልግ ቆይቼ ቀና ስል ሙራድ የለም። ጃኬቱ አልጋው ላይ ነው።

በስመ አብ! ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት ፋይሉን አስረሳኝ። ልጁ ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ሲከፋው ያስፈራል። ግቢውን አካለልኩ፤ መስጊዱ ጋ ሄድኩ፤ የለም። በባጃጅ ጭቃ እየረጨን ወልቂጤ ገባሁ። ባለባጃጁ «ምን ሆነህ ነው አመድ የመሰልከው?» ሲለኝ «ብቻ ንዳው» አልኩት። መናኸሪያው ውስጥ አገኘሁት፤ በዝናብ በስብሶ፣ ከመኪኖቹ ሁሉ ርቆ ቆሟል።

«ወዴት ልትሄድ ነው?»

«የትም።»

እጁን ለቀም አድርጌ «ና እንሂድ፤ ፋይል እንደሆነ እንደገና ይጻፋል» አልኩት። ጉብሬ እስክንገባ አልለቀቅኩትም።

አማካሪያችን ተቆጥተው ተቆጥተው ትንሽ ቀን ጨመሩልን። ተመረቅን፤ የእናቱንም ክትፎ በላን። ሙራድ ዛሬ ቡታጅራ የኮምፒውተር ሱቅ አለው፤ ይህን ታሪክ ለደንበኞቹ እያሳቀ ያወራዋል። መናኸሪያው ጋ ሲደርስ ግን ይዘለዋል። እኔም ወዴት ሊሄድ እንደነበር ጠይቄው አላውቅም። መልሱን እፈራዋለሁ።