የመዥገር ዘመዶች

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሥራዬ የአፈር ማይቶችን ማጥናት ነው። ከጤፍ ፍሬ ያነሱ፣ ቅርፊታቸው የሚያብረቀርቅ፣ የወደቀ ቅጠልና ሻጋታ እየበሉ አፈሩን የሚያለሙ ፍጥረታት ናቸው። ትንሽ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ በጅምላ «ተባይ» ሲባል ያናድደኛል፤ እኔ የምለፋው አንዱን ከአንዱ ለይቼ በየወገኑ ለመመደብ ነው። አፈሩን ወንፊት ላይ አድርጌ ከላይ አምፖል አበራለሁ፤ ሙቀቱን ሲሸሹ ከታች ካለው አልኮል ውስጥ ይወድቃሉ። በድሬዳዋ ሙቀት አምፖሉም ትርፍ ነው።

ገጠር ቢዮ አዋሌ ድረስ ሄጄ እንኳ ያላየሁትን፣ ከየትኛውም ምድብ አልገባ ያለኝን አንድ ማይት ከገዛ ግቢያችን አገኘሁ፤ ሟች እናቴ ከተከለችው ብርቱካን ሥር። ግን ገና ያልጎለመሰ ነበር። ልጆቻቸው አዋቂዎቹን አይመስሉም፤ ወገናቸው በደንብ የሚለየው በአዋቂው ነው። አዋቂውን ከዚያው አፈር መፈለግ ነበረብኝ።

አባቴ ልይ ሲል ከዚያው አፈር የወጡትን በማይክሮስኮፕ አሳየሁት።

«የምን ወገን ናቸው?»

«ከሸረሪትም ከመዥገርም ይዛመዳሉ።»

ፊቱ ተለወጠ። የብርቱካኑ ቅጠል ቢጫ መሆን ከጀመረ ሰንብቶ ስለነበር ጥፋተኛውን ያገኘ መሰለው። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጀሪካን ይዞ ከዛፉ ሥር ቆሟል፤ አንዱን ጎን አጥቁሮታል። በባቡር ጥገና ያረጁ የሰፈራችን አባቶች ሁሉ መድኃኒታቸው ይኸው ነው። ምስጥ ሲባል ዘይት፣ ጉንዳን ሲባል ዘይት።

«አባባ! ምን እያደረግክ ነው?»

«አቦ ተይኝ! የመዥገር ዘመድ ዛፏን እስኪጨርሳት ልጠብቅ?»

«የሚበሉት የሞተውን ነው! ዛፉን አይነኩም!»

ማን ሊሰማኝ!

«እናቴ ከዋሂል ገጠር አግብታህ ስትመጣ ዘመዶችህ ‹የማን ወገን ናት?› ብለው አይደል በር የዘጉባት? አንተስ በዚያ ተናደህ አይደል ከእነሱ የተቆራረጥከው?»

እጁ ባለበት ቀረ።

«እሷን አውቃት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?»

«እኔ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ልጅህ አውቃቸዋለሁ!»

አየኝ። ከዚያ ጀሪካኑን አዘንብሎ የቀረውን በሌላኛው ጎን አፈሰሰው።